ጫማው ከእጅ ወደ እግር፦ የጅማ ጭቃና የልጆቻችን መጫሚያ

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ እንደምን ዋላችሁ።

በብዙ የአገራችን አካባቢ ጭቃ ሲባል ትዝ የሚለው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የጅማ ነገር ይለያል። እዚህ ዝናቡ መጋቢት ላይ ይይዝና ሚያዝያንና ግንቦትን አልፎ ከክረምቱ ጋር ይገናኛል፤ መስከረም ከጠባ በኋላም ቶሎ አይለቅም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ከማና፣ ከሰቃ፣ ከቀርሳ ወይም ከዴዶ ቀበሌዎች በእግሩ የሚመላለስ ተማሪ ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ከሞላ ጎደል በጭቃ ነው የሚጨርሰው። የሰኔ ፈተናም የሚውለው መንገዱ በከፋበት ሰሞን ነው።

ዛሬ «ለልጆቻችሁ ጫማ ግዙ» ልንላችሁ አልመጣንም። ብዙዎቻችሁ ገዝታችኋል። ግን ጠዋት መንገድ ዳር ቆም ብላችሁ ተማሪዎቹን እዩአቸው። ጫማ ያለው ልጅ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ወይም ክሩን ከክሩ አስሮ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ በባዶ እግሩ ጭቃውን ይሻገራል። ትምህርት ቤቱ በር ሲደርስ እግሩን ሣር ላይ ጠረግ ጠረግ ያደርግና ጫማውን ያጠልቃል። ጫማ በሚያስፈልግበት መንገድ ላይ እግሩ ባዶ ነው፤ ክፍል ውስጥ ሲገባ ደግሞ አፈር የያዘውን እርጥብ እግር ጫማ ውስጥ ከቶ ቀኑን ሙሉ ያፍነዋል።

ልጁን መቆጣት አይጠቅምም፤ ምክንያት አለው። ጭቃው ጫማውን ከእግሩ ይነጥቀዋል። ጫማው ተረከዙን ይልጠዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዴ የራሰ ጫማ ለነገ ጠዋት አይደርቅለትም፤ ቤት ሲገባም «ጫማውን አበላሸህ» ይባላል። እነዚህን ሦስቱን ከፈታንለት ጫማው ከእጁ ወርዶ እግሩ ላይ ይውላል። ንግግራችን በሙሉ በዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን «እኛስ በባዶ እግራችን አይደል ያደግነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት አለብን።

የአካባቢያችን ቀይ አፈር ሸክላማ ነው፤ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ነው። ደቃቁ የማዕድን ቅንጣት በእግር ቆዳ በኩል ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ለዓመታት በዚህ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው፣ ሰውነቱ ለዚህ የተጋለጠ ከሆነ፣ ከጉልበት በታች ያለው እግሩ ቀስ በቀስ እያበጠ ይመጣል። ዝሆኔ የምንለው ነው፤ ሐኪሞቹ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። በትንኝ ንክሻ የሚመጣ ሌላ ዝሆኔም ስላለ ሁለቱ ይምታታሉ። ይኼኛው ግን ከትንኝ ጋር አይገናኝም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። የሚታየው እንደ እኛ አካባቢ ባለ ከፍታ ቦታ፣ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ነው። በቤተሰብ ውስጥ ተደጋግሞ የሚታየው ተጋላጭነቱ በዘር ስለሚወረስ ነው፤ ስለዚህ አያት ወይም አጎት ላይ የታየበት ቤት ከሌላው የበለጠ ይጠንቀቅ።

አጀማመሩ ቀላል መስሎ ነው የሚታየው። በጣቶቹ በኩል ያለው የእግሩ ክፍል ያሳክካል ወይም ያቃጥላል፤ ማታ ያበጠው ጠዋት ጎድሎ ያድራል። ሰው በዚህ ጊዜ «ድካም ነው» ብሎ ያልፈዋል። የሚያሳዝነው፣ እብጠቱ ሊመለስ የሚችለው በዚሁ ወቅት ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ያያችሁበትን ልጅ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም በየቀኑ በሳሙና መታጠብና ሙሉ ጫማ ማድረግ ይጀምር።

ባዶ እግር የሚያመጣው ሁለተኛው ጠንቅ የመንጠቆ ትል ነው። እንቁላሉ ከሰው ዓይነ ምድር ጋር መሬት ላይ ይወድቃል፤ ጥላ ያለበት፣ እርጥብና ሞቅ ያለ አፈር ካገኘ ይፈለፈልና ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ባዶ እግርን በስቶ ለመግባት ይደርሳል። ከቡና ዛፍ ሥር ያለው መሬት ጥላም እርጥበትም አያጣም፤ ልጆች ደግሞ በአቋራጭ የሚያልፉት በዚያው ነው። ትሉ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል፤ ልጁ ይገረጣል፣ ይደክማል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። መድኃኒቱ በየጊዜው ቢሰጥም ልጁ በባዶ እግሩ እዚያው አፈር ላይ ከተመለሰ ትሉም ይመለሳል። የመንገዱ ሚስማርና የተቆረጠ የቡና ግንድ ጉቶ የሚያመጣውን መንጋጋ ቆልፍ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ ጫማው እንምጣ።

ገበያ ላይ ከምታገኟቸው ውስጥ ለዚህ ጭቃ የሚሆኑት ሁለት ዓይነት ናቸው፦ የላስቲክ ቦቲና ድፍን ኮንጎ ጫማ። ሁለቱም ውሃ አይመጥጡም፤ በጨርቅ ሲወለወሉ ይደርቃሉ። ሸራ ጫማ ለጥቅምትና ለኅዳር ጥሩ ነው፤ በሚያዝያ ግን አንዴ ከራሰ በጅማ እርጥብ አየር ሁለት ቀንም አይበቃው። የቆዳ ጫማ ካለም ለደረቅ ቀን ይቀመጥ። በረባሶ ከእሾህና ከጉቶ በደንብ ይከላከላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ነገር ግን ከላይ ክፍት ስለሆነ ጭቃው ቆዳውን እንደነካው ይውላል። ከባዶ እግር ይሻላል፣ ዝሆኔን ግን አይከላከልም። ነጠላ ጫማ በሸክላ ጭቃ ላይ አደገኛ ነው፤ ጭቃው ይዞ ሲያስቀረው ማሰሪያው ይበጠስና ልጁ ይወድቃል።

ቦቲ ስትገዙ አራት ነገር እዩ። መጀመሪያ እጃችሁን እስከ ጣቱ ጫፍ ድረስ ወደ ውስጥ ስደዱ። ውስጡ በወፍራም ጨርቅ የተለበጠ ከሆነ ለመንካት ይመቻል፤ ነገር ግን ያ ጨርቅ ነው ውሃ ይዞ የሚያድረው። ያልተለበጠውን ግዙና ካልሲ ይደረግበት፤ ካልሲው ለብቻው ወጥቶ ይታጠባል፣ ለብቻውም ይደርቃል። ቀጥሎ ሶሉን ገልብጡት። ብዙ ሰው ጥርሱ የጠለቀና የተጠጋጋ ሶል «አያንሸራትትም» ብሎ ይመርጣል። በድንጋይ ላይ እውነት ነው፤ በሸክላ ላይ ግን በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦታ በሃያ እርምጃ ውስጥ ይሞላና ጫማው ለስላሳ የጭቃ ድቡልቡል ይሆናል። የምትፈልጉት በጥርሶቹ መካከል ትንሿ ጣታችሁ የምትገባበት ሶል ነው። ልጁ ሲራመድ ሶሉ ስለሚታጠፍ ጭቃው በራሱ ይረግፋል። ሦስተኛ፣ ጣት የሚታጠፍበትን ቦታ በሁለት እጃችሁ እጠፉት፤ እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ከታየ ላስቲኩ ደርቋል፣ ብዙም ሳይቆይ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። የቦቲው አንገት ደግሞ ከጉልበቱ በታች ሦስት ወይም አራት ጣት ያህል መቅረት አለበት። ከዚያ ካለፈ የጉልበቱን ጀርባ ይፍቀዋል።

ኮንጎ ከሆነ የምታዩት ጠርዙን ነው። ሲሠራ የተረፈ ስለት የመሰለ ጫፍ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ይቀራል። ልጁን የሚልጠው ብዙ ጊዜ ጫማው ራሱ ሳይሆን ያ ጫፍ ነው። በምላጭ ቅረፉትና በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ፈትጉት። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ብዙ ኮንጎ ጫማ ግን ይህ ሳይደረግለት በመቅረቱ ጥግ ላይ ተጥሎ ይቀራል።

ቁጥር ላይ ጊዜ ወስደን እንነጋገር፤ ጭቃ ጫማ የሚነጥቀው እዚህ ላይ በሚሠራ ስሕተት ነው። «ያድግበታል» ተብሎ ሁለትና ሦስት ቁጥር አልፎ ይገዛል። ሰፊ ቦቲ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ሸክላው ከሥሩ ይይዘዋል፤ ልጁ እግሩን ሲያነሳ እግሩ ብቻ ይወጣል። ተረከዙ በየእርምጃው ከፍ ዝቅ ስለሚልም ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል። ጠባብ ከሆነ ደግሞ ጣቶቹን አጣጥፎ ይይዛቸዋል፤ ጥፍሩ ወደ ሥጋው ይገባል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ማታ ለኩ፤ እግር ቀን ሲሄድበት ውሎ ትንሽ ያብጣል። ልጁ የሚያደርገውን ካልሲ ያድርግና ተረከዙን ግድግዳ አስነክቶ ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም። ተቀምጦ ከሆነ ልኬቱ ያጥራል። ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ ምልክት አድርጉ፤ ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣቱ ላይሆን ይችላል። ሁለቱንም እግሮች ለኩና ትልቁን ያዙ። በሴንቲ ሜትር ባገኛችሁት ላይ 1.5 ጨምሩ፣ ያንን በ1.5 አባዙ፤ የጫማ ቁጥሩ እሱ ነው። እግሩ 18.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 1.5 ሲጨመር 20 ይሆናል፤ 20 በ1.5 ሲባዛ 30 ይመጣል። ልጁ የሚያደርገው 30 ቁጥር ነው።

የጫማ ቁጥር ግን ከሠሪ ሠሪ ይለያያል። ስለዚህ ከቤት ስትወጡ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቀጭን እንጨት ይዛችሁ ሂዱ። እንጨቱን ከእግሩ ርዝመት በ1.5 ሴንቲ ሜትር አስረዝማችሁ ቁረጡት። ሐሙስ ገበያ ስትወርዱ ልጁን አስከትላችሁ መሄድ ባትችሉ እንኳ እንጨቱን ቦቲው ውስጥ ከተረከዝ እስከ ጣት አስተኝታችሁ ታዩታላችሁ። ሳይጎብጥ ልክ ብሎ ከገባ የእናንተ ነው። ከጎበጠ ያጥራል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከአንድ ጣት ውፍረት በላይ ከተንቀሳቀሰ ተዉት። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ እንጨት ይኑረው፤ ስሙን ጻፉበት።

ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ እግር በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ አንድ ቁጥር ተኩል ማለት ነው። እኛ ደግሞ ልማዳችን ለመስከረም መግዛት ነው። በመስከረም ልክ የነበረ ቦቲ ዝናቡ በሚገባበት በመጋቢት ለጣት የተተወለት ትርፍ ቦታ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ቀንሶ ይገኛል፤ በሰኔ ይጠባል። ገንዘቡ ከተገኘ የጭቃ ጫማ የሚገዛው በየካቲት መጨረሻ ነው። ሰፊ ጫማ አስቀድማችሁ ከገዛችሁ መፍትሔው ከአሮጌ ብርድ ልብስ በእግሩ ቅርጽ ሁለት ጥንድ ንጣፍ መቁረጥ ነው፤ አንዱ ጫማው ውስጥ ሲውል ሌላው ይደርቃል። ካርቶን አትጠቀሙ፤ በአንድ ቀን ረጥቦ ይቦካል። የፍራሽ ስፖንጅም ውሃ ይዞ ያድራል።

ትንንሾቹ ግራና ቀኙን ያቀያይራሉ፤ ያም ይልጣቸዋል። በሁለቱ ቦቲዎች ውስጠኛ ጎን ላይ ግማሽ ግማሽ ክብ በቀለም ሳሉ፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሙሉ ክብ ከሆነ ትክክል ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ቦቲ ሸክም ነው፤ እሱን ማዘል ይሻላል።

ልጁን አወጣጡንም አስተምሩት። ቦቲ ጭቃ ሲይዘው ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ መጎተት ይብስበታል፤ ከሥሩ አየር ስለሌለ ጭቃው ይመጥጠዋል። ቆም ብሎ ተረከዙን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅነቅ አድርጎ፣ ከጎን አየር ሲገባ ተረከዙን አስቀድሞ ያንሳ። በባዶ እግር መሄድ አያንሸራትትም የሚሉ ልጆችም እውነታቸውን ነው፤ ጣት መሬት ይቆነጥጣል። ቦቲ ስለማይቆነጥጥ በዳገትና በቁልቁለት ላይ እርምጃውን አሳጥሮ፣ ሙሉ ሶሉን አሳርፎ፣ የመንገዱን ሣር ያለበትን ጠርዝ ይዞ ይሂድ።

ከሁሉም የሚከብደው ማድረቁ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጫማ በገዛ ቤታችን እናቃጥላለን። የራሰውን ጫማ ምድጃ ዳር መደርደር የሁላችንም ልማድ ነው። ላስቲክ በእሳት ሙቀት ውስጡ ያለው ልስላሴ ይወጣና ይደርቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ማስቲሹ ይለቃል። ቆዳው ይኮማተርና እንደ እንጨት ይሆናል። ጫማው በአንድ ሌሊት የተበላሸ አይመስልም፤ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲሰነጠቅ «ዕቃው ውሸት ነው» እንላለን።

ልጁ ከትምህርት ቤት ሲገባ ጭቃው ገና እርጥብ እያለ ቦቲውን ከውጭ በውሃ እጠቡት። አፉን ወደ ታች ያዙት እንጂ ውስጡ ውሃ አታስገቡ። ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ እስከ ጣቱ ጫፍ ወልውሉት። ከዚያ የተጨማደደ ጋዜጣ ወይም የደብተር ወረቀት ሙሉበት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አውጡትና በደረቅ ቀይሩት። ወረቀት ከሌለ ደረቅ የጤፍ ጭድ ይሆናል። የቡና ገለባ በአካባቢያችን ሞልቷል፤ በፀሐይ ደህና አድርጎ የደረቀውን በአሮጌ ካልሲ ሞልቶ አፉን አስሮ ጫማው ውስጥ ማሳደር ይቻላል። በየጊዜው ፀሐይ ካልነካው ግን ይሻግታል፤ የሻገተ ገለባ ያለበት ጫማ ደግሞ ለእግሩ በሽታ ነው።

ወረቀቱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ግድግዳ ላይ በተተከሉ ሁለት ችካሎች ላይ ቦቲውን አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ስቀሉት። ከምድጃው ሁለት ክንድ ያህል ይራቅ፣ ከመሬት ከፍ ይበል። ሙቀቱ መብዛቱን ለማወቅ መዳፋችሁን በቦታው ላይ አድርጋችሁ እስከ 60 ቁጠሩ፤ እጃችሁን ሳታነሱ መጨረስ ካልቻላችሁ ችካሉን አርቁት። መሬት ላይ የቆመ ቦቲ እርጥበቱን ከውስጡ አያወጣም፤ ሸረሪትና ጊንጥም ይገባበታል። ጠዋት ከመልበሱ በፊት ገልብጦ ማራገፍን ልማድ ያድርግ።

ሸራ ጫማ በጭቃ ከተነካ አሠራሩ የተገላቢጦሽ ነው። እርጥቡን ጭቃ ስታሹት ቀዩ አፈር ወደ ሽመናው ይገባል። ይድረቅና በብሩሽ ይራገፍ፣ ከዚያ ይታጠብ። የቀረው ቀይ ምልክት ብረት የያዘ ነው፤ በረኪና አያስለቅቀውም፣ እንዲያውም ያጸናዋል። ሎሚና ጨው ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን አቆዩት፣ አለቅልቁት። ለነጭ ካልሲና ለዩኒፎርም ሱሪም ይሠራል። ሎሚና በረኪናን ግን በፍጹም አንድ ላይ አታድርጉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ካልሲ ሦስት ጥንድ ያስፈልጋል፦ እግር ላይ ያለ፣ ታጥቦ የተሰጣ፣ ውሃ በማያስገባ ነገር ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ የሚቀመጥ። ሦስተኛው ጥንድ ነው ጉዳዩን የሚያድነው። ቦቲ ውሃ ካስገባ ልጁ ክፍል ውስጥ ይቀይራል። እርጥብ ካልሲ ቀኑን ሙሉ የዋለበት እግር ማታ ስታዩት ነጭ ሆኖ ተጨማዷል፣ ቆዳው ይለሰልሳል፣ በጣቶቹ መካከል ይላጣል፤ ከዚያ ፈንገስ ይገባል። እንዲህ የሆነ እግር እሳት አጠገብ አይደረግም። ስሜቱ ስለሚቀንስ ልጁ ሲቃጠል ላያውቀው ይችላል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ክፍት ሆኖ ይደር።

እጥበቱ 2 ሊትር ውሃ ይበቃዋል። በሳሙና፣ አውራ ጣታችሁን በጣቶቹ መካከል እያሳለፋችሁ እጠቡ፤ በደረቅ ጨርቅ አድርቁ፣ ከሁሉም በላይ የጣቶቹን መካከል። ተረከዙና መርገጫው ላይ ቫዝሊን ቀቡ፤ ቆዳው ካልተሰነጠቀ አፈሩም ጀርሙም በቀላሉ አይገባም። በጣቶቹ መካከል ግን ቫዝሊን አይቀባ፤ እርጥበት ይይዛል። የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ራሱ ያደርገዋል፤ የእናንተ ሥራ ማየት ነው።

ቦቲ ማፍሰስ ሲጀምር ወዲያው አትጣሉት። ውስጡን ውሃ ሙሉበትና ከውጭ ጠብታው የሚወጣበትን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ነው። ምልክት አድርጋችሁ ሙሉ በሙሉ አድርቁት። ላስቲክ ከሆነ ከብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ከስንጥቁ በሁሉም በኩል 2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ ማዕዘኑ ክብ የሆነ ቁራጭ ቁረጡ። ማዕዘን ያለው ልጣፍ ከጫፉ ይነሣል። ሁለቱንም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ፈትጉ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ማስቲሽ ስስ አድርጋችሁ ሁለቱም ላይ ቀቡ። ከዚያ አትቸኩሉ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ጣት ሲነካው የማይከተል እስኪሆን ጠብቁ፤ እርጥቡን ማስቲሽ ማገጣጠም ነው ልጣፉን የሚያስለቅቀው። ግጠሙት፣ በመዶሻ ቀጥቅጡት፣ ሌሊቱን ድንጋይ ጫኑበት፣ አንድ ቀን ሳይለበስ ይቆይ።

ኮንጎና ብዙዎቹ ርካሽ ቦቲዎች ግን ፕላስቲክ ናቸው፤ ተራ ማስቲሽ አይዛቸውም። ለመለየት፣ ላስቲኩ ሲስቡት ይለጠጣል፤ ፕላስቲኩ ያንጸባርቃል፣ በብርድ ጠዋት ይጠነክራል። ፕላስቲኩን ጫማ ሰፊዎች ከአሮጌ ኮንጎ በተቆረጠ ቁራጭ፣ በጋለ ብረት አቅልጠው ያያይዙታል። ጭሱ መጥፎ ስለሆነ ደጅ ይሠራ፣ ልጆች አይቅረቡ።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። ወንዝ በቦቲ አይሻገሩ። ጅማ ላይ ከሰዓት በኋላ ዳገት ላይ የዘነበው ዝናብ ልጆቹ ወደ ቤት በሚመለሱበት ሰዓት ጅረቱ ላይ ይደርሳል። ውሃው በአፉ የገባበት ቦቲ ይከብዳል፤ ልጁ እግሩን ማንሳት ያቅተዋል። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ከልጁ ጉልበት ካለፈ፣ ባዶ እግሩንም ይሁን በጫማ፣ አይገባም፤ እስኪጎድል ይጠብቅ ወይም በድልድይ ይዙር። ይህን ከወላጅ ሳይሰማ የሚወጣ ልጅ አይኑር።

ጭቃውን በግቢያችን መቀነስም እንችላለን። ከቤቱ በላይ በኩል 30 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ 20 የሚጠልቅ ቦይ ቁፈሩና ውሃው ከመንገዱ ይራቅ። ከበሩ እስከ መውጫው ጠፍጣፋ ድንጋይ በልጅ እርምጃ፣ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ፣ ግማሹ እስኪሰምጥ ቅበሩ። በላይ የተቀመጠ ድንጋይ ይገለበጣል። የቡና ገለባ መንገድ ላይ አታፍስሱ፤ ለአንድ ሳምንት ደረቅ ይመስላል፣ ከዚያ በስብሶ ውሃ ይይዝና ጭቃውን ያብሰዋል። ቅርፊቱ የተላጠ የባሕር ዛፍ ግንድም ሲረጥብ ሳሙና ነው። ከመግቢያው በፊት አሮጌ የዶማ ብረት በሁለት ችካል መካከል፣ ስለቱ ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይተከል፤ ልጆች ሶላቸውን የሚፍቁበት ነው።

ለመምህራኑ የምንለው አንድ ነገር አለ። ልጅ ቦቲውን ቀኑን ሙሉ ካደረገ እግሩ በላብ ይርሳል። በክፍሉ በር ላይ፣ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ሳንቃ ግድግዳ ላይ ይመታና በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ወደ ላይ ያዘነበለ ችካል ይተከልበት። ለ40 ተማሪ 80 ችካል ማለት ነው፤ በሦስት ረድፍ ሲደረደር ከአንድ ግድግዳ አያልፍም። ልጆቹ ቦቲያቸውን ሰቅለው ደረቁን ካልሲና ቀላል ጫማ አድርገው ይገባሉ። ጥንዶቹ እንዳይምታቱ በቦቲው አንገት ላይ ቁጥር በምስማር ጫፍ ይጫርበት፤ ቀለም ይታጠባል። ችካሉን የሚያቀርቡ፣ ሳንቃውን የሚመቱ ወላጆች ዛሬ እዚሁ ተመዝግባችሁ ብትሄዱ የመጋቢቱ ዝናብ ሳይገባ ይደርሳል።